በዕጣ በደረሰ ፈረስ ማሸነፍ፦ የአሜሪካ ኮሌጆች የግልቢያ ቡድንና አሠልጣኙ

በአሜሪካ ኮሌጆች የፈረስ ግልቢያ ውድድር ተወዳዳሪዋ የምትወጣበትን ፈረስ የምታውቀው በዕለቱ፣ በዕጣ ነው። የፈረሱ ስም ይነገራታል፤ የእርካቡን ቁመት በእግሯ ልክ ታስተካክላለች፤ ኮርቻው ላይ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሜዳው ትገባለች። መሰናክል ለሚዘሉት ጥቂት የሙከራ ዝላይ ይፈቀዳል እንጂ ሌላው ከፈረሱ ጋር የሚተዋወቀው ዳኛው ፊት ነው። በእንዲህ ያለ ውድድር ደጋግሞ የሚያሸንፍ ቡድን ካለ፣ ጉልበቱ ከአሠልጣኙ ሥራ የመጣ ነው።

ሥርዓቱን የጀመረው ሮበርት ካቺዮኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኒው ጀርሲ በፌርሌይ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የኮሌጆች የፈረስ ትርዒት ማኅበርን መሠረተ። ፈረስ መግዛት፣ መቀለብና ከቦታ ቦታ እያጓጓዙ ማወዳደር አቅም ላለው ቤተሰብ ብቻ የሚሆን ነበር። ማኅበሩ የራሱ ፈረስ የሌለው፣ ኮርቻ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪም እንዲወዳደር በሩን ከፈተ። ፈረሶቹን የሚያቀርበው አስተናጋጁ ኮሌጅ ነው። ውድድሩም እሽቅድምድም አይደለም፤ ዳኛው የሚመዝነው የጋላቢውን አቀማመጥና የፈረስ አያያዝ ነው። ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮሌጆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ በዚህ ሥርዓት ይወዳደራሉ።

ተወዳዳሪዎች በችሎታ ደረጃ ይከፈላሉ። ከታች በእርምጃና በሶምሶማ ብቻ የሚወዳደሩ ጀማሪዎች፣ ከላይ መሰናክል የሚዘሉ የተካኑ ጋላቢዎች አሉ። አንደኛ የወጣ 7 ነጥብ፣ ሁለተኛ 5፣ ሦስተኛ 4 እያለ ስድስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል። አሠልጣኙ ውድድሩ ሳይጀመር ለየምድቡ አንድ ጋላቢ ይሰይማል፤ ለቡድኑ የሚደመረው የእርሱ ነጥብ ብቻ ነው። የጀማሪዋ 7 ነጥብ ከአንጋፋዋ 7 ነጥብ እኩል ይቆጠራል። በመሆኑም ሁለት ጎበዞች ይዞ ጀማሪዎቹን ችላ ያለ አሠልጣኝ ዋንጫ አያይም። ብልህ አሠልጣኝ ትምህርት ሲከፈት ፈረስ ነክተው የማያውቁ፣ ትዕግሥትና ሚዛን ያላቸውን ተማሪዎች ይመለምላል፤ ጊዜውንም አይሰስትባቸውም።

ልምምዱም ለዕጣው የሚያዘጋጅ ነው። አንዲት ተማሪ ከአንድ ፈረስ ጋር ተላምዳ እንድትቀር አይፈቀድላትም። ዛሬ ካልጎተጎቱት የማይራመድ ዳተኛ ከደረሳት፣ በሚቀጥለው ቀን ዛብ ሲነካ የሚበረግግ ድንጉጥ ይሰጣታል። እርካብ ሳይረግጡ በሶምሶማ መዞር የዘወትር ሥራ ነው፤ ጭንና ወገብ የሚጠነክሩት፣ እጅም ዛብ ላይ መንጠልጠሉን የሚተወው በዚያ ነው። በሶምሶማ ጊዜ ደግሞ ጋላቢዋ ከኮርቻው ብድግ ቁጭ የምትለው ከፈረሱ የውጭ በኩል የፊት እግር ጋር እየገጠመች ነው። ጎንበስ ብላ እግሩን ካየች ዳኛው ልብ ይላታል። አሠልጣኙ ስለዚህ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ እያዞረ ዓይኗን ያስጨፍናታል፤ የትኛው እግር እንደተነሣ ከመቀመጫዋ እስክትለይ ድረስ።

በውድድሩ ጠዋት የአስተናጋጁ ኮሌጅ ሰዎች ፈረሶቹን ሲያሟሙቁ አሠልጣኙ አጥሩ ጥግ ቆሞ አንድ በአንድ ያያቸዋል። የትኛው አለንጋ ይፈልጋል? የትኛው ሲዞር ያፈተልካል? የትኛው ከፊቱ ላለው ፈረስ ጆሮውን ይጥላል? ዕጣው ከወጣ በኋላ ለተማሪዋ የሚነግራት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ወደ ግራ ስትዞሪ ወደ ውጭ ያመልጥሻልና በቀኝ እግርሽ ያዢው፤ አፉን አትጎትቺበት።» ከዚያ በላይ ምክር የፈራች ልጅን ያደናግራል።

ከኮሌጆች የፈረስ ትርዒት ማኅበር ጎን ለሴቶች ብቻ የሆነ የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ አለ። በዚያ ሁለት ተፋላሚዎች በተራ አንድ ፈረስ ላይ ይወጣሉ፤ ለመላመጃ የሚሰጣቸው 4 ደቂቃ ነው፤ የተሻለ ውጤት ያመጣችው ለቡድኗ ነጥብ ታስገኛለች። ፈረሱ አንድ ስለሆነ የሚለያያቸው ሥልጠናቸው ነው። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ከምሥረታው ጀምሮ ያሠለጠነችው ሜጋን ቦኒግ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት በርካታ ብሔራዊ ዋንጫዎችን ያነሣችው በዚህ ሊግ ነው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። በኮሌጆቹ ውድድርም የሚያሸንፈው በደረሰው ፈረስ ሁሉ ላይ በእርጋታ መቀመጥ የለመደ ጋላቢ ነው፤ ያን ልማድ የሚያስይዘው ደግሞ ጀማሪውን እንደ አንጋፋው የሚያከብር አሠልጣኝ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጃችሁ ኮሌጅ ሲገባ ግቢው የግልቢያ ቡድን እንዳለው ጠይቁ። በብዙዎቹ ቡድኖች የአባልነትና የግልቢያ ትምህርት ክፍያ ስላለ መጠኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የራስ ፈረስና የቀድሞ ልምድ ግን ግዴታ አይደሉም።