መብራት ሲሄድ አሳንሰሩ አይወድቅም

በጉለሌ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ፎቁ ሲበዛ አሳንሰሩም በዝቷል። መብራት በሄደ ቁጥር ታዲያ በሁለት ፎቅ መሐል የሚቀር ሰው አይጠፋም። ውስጥ ያለው «የያዘን ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱ ከሄደ አለቀልን» ብሎ ይርዳል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በካቦ በሚሠራ አሳንሰር ፍሬኑን አጥብቆ የሚይዘው ሞላ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ፍሬኑን ለመክፈት ነው። መብራት ሲቋረጥ ሞላው ወዲያው ይይዛል። ካቦውም አንድ ብቻ አይደለም፤ ቢበጠስ እንኳ ሐዲዱን ቆንጥጦ ሳጥኑን የሚያስቆም መያዣ አለ። ኤሊሻ ኦቲስ በ1854 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የቆመበትን መድረክ ገመድ አስቆርጦ ለሕዝብ ያሳየው ይህንኑ ነበር። አየር ያልቃል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ሳጥኑ አየር ማስገቢያ አለው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውጭ የቆመው ሰው እምነት ነው፦ «ፍሬኑን ብንለቀው ቀስ ብሎ ይወርዳል።» በካቦው ሌላ ጫፍ የሚዛን ክብደት ተንጠልጥሏል። ይህ ክብደት ከባዶው ሳጥን ይበልጣል፤ ብልጫው አሳንሰሩ ከሚችለው ጭነት ግማሽ ገደማ ነው። ለ8 ሰው በተሠራ አሳንሰር ውስጥ 2 ሰዎች ብቻ ካሉ፣ ፍሬኑ ሲለቀቅ ሳጥኑ ሽቅብ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት በተፈለቀቀ በር በኩል ግማሽ አካሉን ያወጣ ሰው ካለ መትረፉ ያጠራጥራል።

ስለዚህ ፍሬኑን መልቀቅ ለሠለጠነ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ዋናውን ኤሌክትሪክ ያጠፋል፤ መብራት ድንገት ቢመጣ ሞተሩ ሳጥኑን በእጅ ማንቀሳቀሻውን መዘውር ከያዘው እጅ ጋር ያሽከረክረዋልና። ቀጥሎ የየፎቁ በር መዘጋቱን ያረጋግጣል፤ ውስጥ ላሉት ይነግራል። ከዚያ አንዱ የፍሬኑን ማንሻ ይዞ ሌላው መዘውሩን ያዞራል። ማንሻው ከተለቀቀ ፍሬኑ ተመልሶ ይይዛል። ሳጥኑ ከፎቁ ወለል ጋር መስተካከሉ ካቦው ላይ በተቀባው ምልክት ይታወቃል። አንዳንድ አዳዲስ አሳንሰሮች መዘውር የላቸውም፤ በባትሪ ራሳቸው ቅርብ ወዳለው ፎቅ ይደርሳሉ።

በሩን ፈልቅቆ መዝለል ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከሳጥኑ በታች ባለው ክፍተት ወደ ጉድጓዱ መውደቅ አለና። የጥሪ ደወሉን ተጭኖ፣ ከበሩ ርቆ መቀመጥ ይሻላል። ባለሙያ በቶሎ ካልተገኘ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት በ939 ይጠራል።