ጥይት የቸገረው ጠመንጃ

ጎተራ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ እናቴ የድሮ ፎቶግራፎች በምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ አንድ የናስ ቀለህ አለ። ውጅግራ የሚባለው አሮጌ ጠመንጃ ቀለህ ነው። ርዝመቱ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አፉ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ ጎኑ አንድ ቦታ ላይ ተጎድጉዶ በመዶሻ ተቃንቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ ቀለህ እንዲህ አይሆንም። ይኼኛው ተተኩሶ ተለቅሟል፣ ታጥቧል፣ ባሩድ ተሞልቶበት እርሳስ ተገጥሞለት እንደገና ተተኩሷል። ናሱ እስኪደክም ድረስ አገልግሏል።

በፉከራውም በቀረርቶውም የጠመንጃ ስም ሲነሳ ኖሯል። ምንሽሩ፣ አልቤኑ፣ በልጅጉ ተሞግሰዋል። እኔ ግን አገራችንን ለረጅም ዘመን ያስጨነቃት ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱ ነው ባይ ነኝ። ጠመንጃ አንዴ ከተገኘ ካባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሰደፉ ቢሰበር እንጨት ይጠረብለታል። ጥይት ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር ይጎድላል። ጠመንጃ ያለው ሰው ጥይት ከሌለው በእጁ የያዘው ከባድ ዱላ ነው።

ጥይት ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ፣ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ትሬዛ ብር ጋር በገበያ ይመነዘር ነበር። አሞሌ በዝናብ ይሟሟል፤ ጥይት ግን ይቀመጣል፣ ይቆጠራል፣ ሲቸግርም ይተኮሳል።

ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ፊዚል ግራ ነው፤ ስሙም በእኛ አንደበት ከዚያው የወጣ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ልቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ግራ በገፍ ወደ ገበያ ወጣ፤ ብዙውም በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ መጣ። የተወደደው በርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ስለሆነ እዚሁ አገር ውስጥ ጥይቱን መልሶ መሙላት ይቻል ነበር። ከሰል አለ፤ ድኝ ከአፋር በረሃ ይመጣል፤ ጨው መሰሉ ማዕድን ከአፈር ታጥቦ ይወጣል። እነዚህ በልክ ተደባልቀው ሲወቀጡ ባሩድ ይሆናሉ። እርሳሱም በምድጃ ይቀልጣል። ገጠር ውስጥ ሊሠራ ያልቻለው በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችው፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትሰጠው ትንሽ ክዳን ናት። ከጥፍር የማትበልጥ ነገር ናት፤ እሷ ከሌለች ግን የተቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጎርሱት አዳዲስ ጠመንጃዎች ሲመጡ ደግሞ የመንደሩ ባሩድ ሠሪ ጭራሹን ከጨዋታ ወጣ። መሣሪያው በተሻለ ቁጥር ባለቤቱ በባሕር ማዶ ሻጭ እጅ ላይ ወደቀ።

ምኒልክ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ገደማ ጠመንጃ ከነጥይቱ በግመል ጭኖ ሸዋ ሲደርስ፣ ንጉሡ ዕቃውን ተረከቡት፤ ዋጋውን ግን አስቀንሰው ነጋዴውን አስከፍተው ሰደዱት። ጣሊያን ደግሞ ወዳጅነት ለመግዛት ስትል በ1885 ዓ.ም. ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው። ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉትን የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያሳወቁትም በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ብልጠት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የአንድ መሪ ግዴታ ነው እላለሁ። ጥይት የማይሠራ አገር ጥይቱን ከየትም ቢሆን ማምጣት ነበረበት።

በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ግን በሩ ተዘጋ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1927 ክረምት ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። ጣሊያን ግን ጥይቷን በራሷ ፋብሪካ ታመርታለች፤ የተቆረጠው የኢትዮጵያ ብቻ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ከወረረች በኋላ በኢትዮጵያ ላይ የነበረውን ክልከላ ቢያነሳም ጊዜው መሽቶ ነበር፤ ጅቡቲም በፈረንሳይ እጅ ነበረች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ ከጎተራ ብዙ ሳይርቅ ከለገሃር ወደ አቃቂ የተዘረጋው አሮጌ ሐዲድ፣ አገሪቱ ጥይት በምትለምንበት ሰዓት ፓሪስ የፈቀደችውን ብቻ የሚያመጣ መስመር ሆነ።

አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከወደቀችበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 በኋላ መንግሥት የሚልከው ጥይት አልነበረም። አርበኛው የሚተኩሰውን ከጠላት መንጠቅ ነበረበት፤ ብዙ ጊዜም ውጊያ የሚገጥመው ጥይት ለማግኘት ሲል ነው። ሌላው መንገድ በከተማ በኩል የሚያልፈው ነበር። የውስጥ አርበኞች የምንላቸው አዲስ አበባ ተቀምጠው፣ ከጠላት ጋር በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ዱር የሚያሻግሩ ሰዎች ናቸው። ከነሱ ሁሉ ስማቸው ገኖ የሚነሳው ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ባለጸጋ ነበሩ፤ ሀብታቸውን ለዚሁ አፈሰሱ። ተያዙ፣ ተገረፉ፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ተፈትተው ሲመለሱም ከትግሉ አልራቁም።

ስለ እሳቸው ሳስብ የሚቆጨኝ ስማቸው ያልተጻፈው የሌሎቹ ነገር ነው። አንድ ዝናር ጥይት ጫካ እስኪደርስ ስንት ሰው ይነካው ነበር? ከመጋዘን የሚያወጣው፣ ገንዘቡን የሚያዋጣው፣ ለሌሊት የሚሸሽገው፣ ኬላ የሚያሳልፈው። አንዱ ቢያዝ ሞት ነው። የተኮሰው ሰው ሜዳልያ አግኝቶ ይሆናል፤ ጥይቱን ያደረሰችው ሴት ግን ብዙ ጊዜ የተረሳች ናት።

ዛሬ ጥይት እዚሁ ይመረታል፤ በደርግ ዘመን አምቦ አካባቢ የተቋቋመው የሆሚቾ ፋብሪካ አለ። ለግለሰብ ግን ጥይት ከሱቅ የሚገዛ ሸቀጥ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያውንም ጥይቱንም በፈቃድ አስሯል። አሮጌ የአደን ጠመንጃ የወረሰ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ባዶውን ነው። ይህ ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ለኔ ግን ቁጥጥሩ ተገቢ ነው። በሠርግና በለቅሶ ጥይት ወደ ሰማይ ሲርከፈከፍ ያየ ይረዳኛል። ወደ ላይ የወጣ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፣ ሰውም ይገድላል። አያቶቻችን አንዷን ቀለህ ናሱ እስኪሰነጠቅ ሲሞሏት ኖረው እኛ በጭፈራ መሃል እንዲህ ስንበትናት ማየት ያማል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ያን ዘመን ያዩ ወይም ካዩት የሰሙ አዛውንት ካሉ፣ ማን ተኮሰ ብለህ ብቻ አትጠይቃቸው። ጥይቱ ከየት መጣ፣ ማን ተሸከመው ብለህ ጠይቃቸው። የሚነግሩህንም ስም ዛሬውኑ ጻፈው።