ቤት ቡቦት፣ የአሻንጉሊት ቤት ስለሚባለው ቲያትር

በኡልፓን «ቡባ» የሚለውን ቃል ስንማር ሞራችን «ቤት ቡቦት» የሚባል የታወቀ ቲያትር አለ ብላ ታሪኩን አጫወተችን። በእኛ ቋንቋ የአሻንጉሊት ቤት ማለት ነው። እኔም እንደገባኝ ላስረዳችሁ።

የጻፈው ሄንሪክ ኢብሰን የሚባል የኖርዌይ ሰው ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1906 ሞተ። ቲያትሩ መጀመሪያ የታየው በ1879 በዴንማርክ ከተማ በኮፐንሃገን ነው።

ኖራ የምትባል ሴት ከባሏ ከሄልመር ጋር ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ባልየው ይወዳታል፣ ግን እንደ ትንሽ ልጅ ነው የሚያያት። ጣፋጭ እንዳትበላ እንኳ ይከለክላታል፣ እሷም ተደብቃ ትበላለች።

የነገሩ ሥር ግን አንዲት ፊርማ ናት። ከዓመታት በፊት ሄልመር በጠና ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ሞቃት አገር ካልሄደ አይድንም ብለው ለኖራ በምስጢር ነገሯት። በዚያ ዘመን በኖርዌይ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም። ስለዚህ ከባሏ ደብቃ ክሮግስታድ ከሚባል ሰው ተበደረች፤ ዋሱ አባቷ እንዲሆን ተባለ። አባቷ ሊሞት የደረሰ በሽተኛ ነበርና ላስጨንቀው አልችልም ብላ ስሙን ራሷ ፈረመች። ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቀን አባትየው ከሞተ በሦስተኛው ቀን ሆኖ ተገኘ! እኛም እዚህ ከመጣን ወዲህ ፊርማ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ እናውቃለን።

ጣሊያን ሄደው ባልየው ዳነ። ኖራ ከልብሷ እየቀነሰች፣ ሌሊት በድብቅ የጽሕፈት ሥራ እየሠራች ዕዳዋን ስትከፍል ኖረች። ኋላ ሄልመር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተሾመ። ክሮግስታድም እዚያው ባንክ ነበርና ሊያባርረው ሲል፣ ሰውየው ሁሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ላከበት።

ዋናው ቦታ እዚህ ጋ ነው። ኖራ ባሌ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስዳል ብላ ትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ስሜን አጠፋሽው ብሎ ሰደባት፣ ልጆቼን አታሳድጊም አላት። ወዲያው አበዳሪው ወረቀቱን ሲመልስ ደግሞ ደስ አለውና ይቅር ብዬሻለሁ አላት። ሕይወቱን ያተረፈችለት መሆኗ ትዝ አላለውም። ኖራ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው ጋር እንደኖረች ገባት። በአባቷም በባሏም ቤት አሻንጉሊት እንደነበረች ነግራው፣ የጋብቻ ቀለበቷን መልሳ፣ በሩን ዘግታ ወጣች።

እኔም እናት ነኝና ልጆቹን ትታ መሄዷ ከበደኝ። በእኛ ባህል ሽማግሌ ይገባ ነበር። እሷ ግን እናትም አባትም የላትም፤ ልጆቹ የቀሩት እሷኑ ባሳደገቻት ሞግዚት እጅ ነው።

በ1880 በጀርመን ዋናዋ ተዋናይት እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም ብላ እምቢ አለች። ኢብሰን ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ ብሎ፣ ሳይወድ፣ ኖራ በልጆቿ ምክንያት የምትቀርበትን ሌላ መጨረሻ ጻፈ። በክፍላችን ብዙዎቹ ይሄኛው ይሻላል አሉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ በጀርመኑ እሷ ትቀራለች እንጂ ባልየው ምንም አልተለወጠም።