ስለ በግና ስለ ተኵላ የተነገረው ቃል ትርጓሜ

ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን እንደ በጎች ወደ ተኵላዎች መካከል እንደ ላካቸው ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ ፲ ቍጥር ፲፮ ጽፎአል። የእረኛ ልማድ በጉን ከተኵላ ማራቅ ሲሆን እርሱ ስለ ምን ወደ ተኵላ ሰደዳቸው ቢሉ፤ ድል በሰይፍ እንዳይደለ ያስረዳ ዘንድ ነው። ዮሐንስ አፈ ወርቅም፣ በግ ሆነን እስካለን ድረስ እናሸንፋለን፤ ተኵላ ከሆንን ግን የእረኛው ረድኤት ይለየናል ሲል ተርጕሞታል።

ብልህነትን ከእባብ ተማሩ ማለቱ ስለ ምን ነው? እባብ ሊመቱት ሲነሡ ሌላውን አካሉን ለበትር ሰጥቶ ራሱን ይሸሽጋልና፤ ክርስቲያንም ገንዘቡን፣ ሹመቱን፣ ሥጋውንም ሰጥቶ ራስ የምትሆን ሃይማኖቱን ይጠብቅ ሲል ነው። አንድም እባብ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ አሮጌ ቆዳውን እንዲጥል፣ በመከራ አልፎ አሮጌውን ሰው ይጣል ሲል ነው። ይህም ያማረ ነው፤ ለዘመነ ስደት ግን የፊተኛው ይበልጥ ይስማማል። ርግብን መጨመሩ ብልህነት ያለ የዋህነት ተንኰል ስለሚሆን ነው።

ቃሉ ለሐዋርያት ዘመን ብቻ የተነገረ የሚመስለው ቢኖር፣ ሐምሌ ፳፪ ቀን ፲፱፻፳፰ ዓ. ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ያስብ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በፋሺስቶች ቢጠየቁ እምቢ ብለው በጥይት ተገደሉ። በዓመቱም በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ አለቁ። ቍጥር ፳፫ ከሚያሳድዱበት ከተማ ወደ ሌላይቱ መሸሽን ያዝዛልና የሸሸ ሁሉ ካደ አይባልም። ከጳጳሱ የተፈለገው ግን ቦታ መልቀቅ አልነበረም፤ የውግዘት ቃላቸው ነበረ እንጂ።