ወለድ ሲወጣ የኪራይ ቤት መግዛት ያዋጣ ይሆን?

በዋሽንግተን፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው የሚከራይ ቤት ለመግዛት ሲያስቡ፥ «ወለድ ጨምሯልና እንተወው ወይስ እንግዛ?» የሚል ክርክር ይነሣል። ነገሩ የብዙ ዓመት ጥሪትን የሚነካ ስለ ሆነ በሒሳብ ልንመረምረው ይገባናል።

በመጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል፥ በፈረንጆች 2022 መጀመሪያ ከዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ በ2023 አጋማሽ ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ቤት በመያዣነት ተይዞ ለ30 ዓመት የሚሰጠው ብድርም በ2021 ወለዱ 3 በመቶ ግድም ነበር፤ በ2023 መገባደጃ ግን ወደ 8 በመቶ ተጠጋ።

ይህ ለገዢው ምን ማለት ነው? ለምሳሌ በ30 ዓመት የሚከፈል 300,000 ዶላር ተበደርን እንበል። ወለዱ 3 በመቶ ሲሆን በየወሩ 1,265 ዶላር እንከፍላለን፤ 7 በመቶ ሲሆን ግን 1,996 እንከፍላለን። ቤቱ በወር 2,500 ዶላር ቢከራይ፥ ከዚህም ለግብር፥ ለኢንሹራንስ፥ ለጥገናና ያለ ተከራይ ለሚሰነብትበት ጊዜ 900 ብንቀንስ፥ 1,600 ይቀራል። ስለዚህ ያው ቤት በ3 በመቶ 335 ዶላር ሲያተርፍልን፥ በ7 በመቶ በየወሩ 396 ዶላር ከኪሳችን ያስወጣናል።

«ወለድ ሲወጣ የቤት ዋጋ መውረዱ አይቀርም» የሚሉ አሉ። በአሜሪካ ግን እንደዚያ አልሆነም። ቀድሞ በ3 በመቶ የተበደረው ባለቤት ርካሽ ብድሩን ላለመልቀቅ ሲል ቤቱን ለገበያ አላወጣም። በ2023 የተሸጡት ነባር ቤቶች ቁጥር ከ1995 ወዲህ ዝቅተኛው ሆነ፤ ዋጋው ግን አልረከሰም።

እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን «ወለዱ ከፍ ብሏል ወይ?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «ቤቱ በዛሬው ወለድ ራሱን ይችላል ወይ?» ብለን ነው። በምሳሌያችን ብድሩ ወደ 240,000 ዶላር ቢወርድ ክፍያው ከ1,600 አይበልጥም። ይህን የ60,000 ልዩነት ቅድሚያ ክፍያ በመጨመር ወይም ዋጋ በማስቀነስ መሙላት ካልተቻለ፥ መታገሥ ይሻላል።

«ወለድ ሲወርድ ብድሩን እናድሳለን» የሚለው ሐሳብ ሊሳካ ይችላል። ነገር ግን የወር ዕዳ በተስፋ አይከፈልም፤ መክፈል ያቃተው ሰው ቤቱንም ያጠራቀመውንም ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ወለዱ የማይለዋወጥ መሆኑን እናረጋግጥ፤ የጥቂት ወር ክፍያ የሚሆን መጠባበቂያም እናስቀምጥ።