የጃማይካ ባሕር ዳርቻዎች፦ የትኛው ለማን?

ጃማይካ ከምሥራቅ ጫፏ እስከ ምዕራብ ጫፏ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስፋቷ በሰፊው በኩል እንኳ ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህን በካርታ ያየ መንገደኛ «ዳርቻዋ ሁሉ ያው ነው፤ የትም ባርፍ ለውጥ የለውም» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሲደርስ ግን በአንዱ ወገን ነጭ አሸዋና የረጋ ውሃ፣ በሌላው ጠቆር ያለ አሸዋና የሚያገሣ ማዕበል፣ በሦስተኛው ደግሞ ከጫካ ወርዶ ከባሕር የሚቀላቀል ቀዝቃዛ ወንዝ ያገኛል። ስለዚህ «ምርጡ ባሕር ዳርቻ የቱ ነው?» ከማለት በፊት «በየትኛው ወገን ልረፍ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ነፋሱ፣ ተራራውና የአሸዋው ምንጭ ናቸው። ነፋሱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። በዚያው በምሥራቅ በኩል ብሉ ማውንቴን የሚባለው የተራራ ሰንሰለት ተገትሯል፤ ከፍተኛው ጫፉ 2,256 ሜትር ነው። ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ የደረሰው ነፋስ ከተራራው ሲጋጭ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ሰሜን ምሥራቁ ለምለም ሆኖ ደቡቡ ደረቅና ቁልቋላማ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሸዋውም ሁለት ዓይነት ነው። ነጩ የባሕሩ የራሱ ሥራ ነው፤ የኮራል፣ የዛጎልና ኖራ ያዘሉ የባሕር አልጌዎች ስብርባሪ ነው። ፓሮትፊሽ የሚባለው ባለቀለም ዓሣ እንኳ ኮራሉን እየፋቀ ይበላና ድንጋዩን አድቅቆ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ጠቆር ያለው አሸዋ ግን ወንዞች ከተራራ ጠርገው ያወረዱት ነው።

ምዕራብ፦ ለቤተሰብና ለጀማሪ ዋናተኛ

ብዙ ጎብኚ መጀመሪያ የሚሰማው ስም ኔግሪል ነው። ሰቨን ማይል የሚባለው ዳርቻው ርዝመቱ ስሙ የሚለውን ያህል ባይሆንም ለሰዓታት ያስኬዳል። ከነፋሱ በተቃራኒ ወገን ስለሚገኝ ማዕበሉ ለስላሳ ነው፤ ውሃውም ጥልቀት የሚያገኘው ቀስ በቀስ ስለሆነ ልጅ ይዞ ለመጣ ወላጅ ይመቻል። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትጠልቅ ለማየት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ወደ ደቡብ ሲሄዱ አሸዋው ያበቃና ገደል ይጀምራል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እዚያ የቆየው ሪክስ ካፌ ከገደል ላይ ወደ ባሕር በሚዘልሉ ሰዎች የታወቀ ነው።

ኔግሪል ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ሆቴሎቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ሻጮችም ፍራፍሬ፣ ጌጣጌጥና የጀልባ ሽርሽር ይዘው ደጋግመው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ በፈገግታ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሰሜን፦ ጊዜ ለሌለው

በሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያ ለወረደና አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ቅርቡ ዳርቻ ዶክተርስ ኬቭ ነው። ማክካቲ የሚባሉ ሐኪም ቦታውን በ1906 ለመዋኛ ክበብ ሰጡ፤ ያኔ ወደ ባሕሩ የሚገባው በአንድ ዋሻ ውስጥ ታልፎ ነበር። በ1920ዎቹ ሰር ኸርበርት ባርከር የተባሉ ታዋቂ እንግሊዛዊ የአጥንት ወጌሻ ውሃው ይፈውሳል ብለው ጻፉ፤ ዝናው በዚህ ተሰራጭቶ የከተማዋ የቱሪዝም ንግድ ጀመረ። ዋሻውን የ1932 አውሎ ነፋስ አፍርሶታል፤ ዳርቻው ግን አሁንም በመግቢያ ክፍያ ይሠራል። ንጹሕና ሥርዓት ያለው፣ ደግሞም ብዙ ሰው የሚገኝበት ነው።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ኦቾ ሪዮስ አጠገብ፣ የደንስ ሪቨር ፏፏቴ አለ። ውሃው በኖራ ድንጋይ ደረጃዎች 180 ሜትር ያህል እየተንደረደረ በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባል። ጎብኚዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከባሕሩ ወደ ላይ ይወጡታል። የማያንሸራትት የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። የመርከብ ጎብኚዎች በሚጎርፉበት ቀን ወረፋው ስለሚረዝም በጠዋት መድረስ ነው።

ምሥራቅ፦ አረንጓዴ ለሚወድ

የፖርትላንድ አውራጃ ዳርቻዎች ትንንሾች ናቸው፤ ውበታቸው ግን ጫካው እስከ ውሃው ድረስ መውረዱ ነው። በፖርት አንቶኒዮ አቅራቢያ የሚገኘው ፍሬንችማንስ ኮቭ በሁለት ቋጥኞች መካከል የተሸሸገ ባሕረ ሰላጤ ነው። በአንድ በኩል ጨዋማውና ሞቃቱ ባሕር፣ በሌላ በኩል ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ ስላለ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት ይቻላል። ለመግባት ይከፈላል።

ጥቂት እልፍ ብሎ ቦስተን ቤይ አለ። ሁለት ነገር ሰው ይስባል፤ ማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተትና ጀርክ። ጀርክ ፒሜንቶ በሚባለው ቅመምና ስኮች ቦኔት በሚባለው ኃይለኛ በርበሬ የተለወሰ ሥጋ በፒሜንቶ እንጨት ጭስ ላይ ቀስ ብሎ የሚበስልበት ዘዴ ሲሆን፣ መነሻው ከባርነት አምልጠው በተራሮቹ ከሸመቁት ማሩኖች ጋር ይያያዛል። እሳት የለመደ የሐበሻ ምላስ እንኳ በጥንቃቄ ቢጀምር ይሻላል።

ደቡብ፦ ጸጥታና ዓሣ

በሴንት ኤሊዛቤት የሚገኘው ትሬዠር ቢች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አሸዋው ጠቆር ያለ፣ ትልልቅ ሆቴል የሌለበት፣ ኑሮው ዝግ ያለ ነው። ባሕሩ አንዳንድ ጊዜ በኃይል ስለሚስብ ከመግባት በፊት የመንደሩን ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

የዋና ከተማዋ የኪንግስተን ሰዎች እሑድ እሑድ የሚሄዱት ወደ ሄልሻየር ነው። የሚሄዱትም ለዋናው ሳይሆን ለተጠበሰው ዓሣ፣ ፌስቲቫል ለሚባለው ጣፋጭ የበቆሎ ዱቄት ጥብስና ከካሳቫ ለሚሠራው ባሚ ነው። አሸዋው በብዛት ተጠርጎ ሄዷል። ይህም በደሴቲቱ ዙሪያ ከደረሰው የኮራል ሞት ጋር ይያያዛል፤ ለምሳሌ በሰሜን ዳርቻ በ1970ዎቹ የባሕሩን ወለል ግማሽ ያህል ሸፍኖ የነበረው ሕያው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ አምስት በታች ወርዷል። የ1980 አውሎ ነፋስ፣ በ1983 የባሕር ጃርቶች በበሽታ ማለቃቸውና ያለ ልክ ዓሣ ማጥመድ ተደራርበው ያደረሱት ጉዳት ነው። ኮራሉ ማዕበሉን የሚሰብር ግድብም፣ የነጩ አሸዋ ምንጭም ነበር፤ እሱ ሲሞት ዳርቻውም ይሳሳል። ኔግሪልም ቢሆን ለዓመታት አሸዋ እያጣ ነው።

ወደ ኪንግስተን በአውሮፕላን የሚመጣ ኢትዮጵያዊ የሚያርፈው ቀድሞ ፓሊሳዶስ ይባል በነበረው ማረፊያ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ጃማይካን ሲጎበኙ ያረፉት በዚሁ ቦታ ሲሆን፣ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ አውሮፕላኑን ስለከበበ ወዲያው መውረድ አልቻሉም ነበር። ራስ ተፈሪያውያን ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ከየት እንደመጡ ሲናገሩ ሞቅ ያለ አቀባበል ቢገጥምዎ አይገረሙ፤ ሰላምታውን በአክብሮት ይመልሱ።

ባሕሩ የማን ነው?

ብዙ ጎብኚ የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የወጣው የ1956 የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ ማዕበሉ የሚያረጥበውን ዳርቻና የባሕሩን ወለል የዘውዱ ንብረት አደረገ፤ ለሕዝቡ ግን በየትኛውም ዳርቻ የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠም። ከነፃነት በኋላም ሕጉ ቀጠለ። ውጤቱ ከሆቴል አጥር በስተጀርባ የተወለደ ልጅ እዚያው ደጁ ያለውን ባሕር በክፍያ ብቻ የሚያይበት ሁኔታ ነው።

በፖርትላንድ የሚገኘው ዊኒፍሬድ ለዚህ ሙግት ምሳሌ ሆኗል። ዳርቻው ለልማት ሊታጠር ነው ሲባል ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2014 የተሰጠው ፍርድ ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ሳይከለከል ሲጠቀምበት የኖረ ስለሆነ መብቱ ይጠበቅለታል የሚል ነበር። ዛሬ ጥላ ያለው፣ ነጭ አሸዋና ለዋና የሚመች ውሃ ያለው፣ የመንደሩ ሰዎች የሚንከባከቡትና ምግብ የሚሸጡበት ዳርቻ ነው።

መቼ ይኬዳል?

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ዋጋውም የሚወደደው ያኔ ነው። የአውሎ ነፋስ ወራት በፈረንጆች ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ናቸው። በጥቅምት 2025 ሜሊሳ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ደቡብ ምዕራቡን ክፉኛ ስለጎዳ፣ ወደ ትሬዠር ቢችና ወደ ኔግሪል የሚያስብ ሰው ለሆቴሉ ከመክፈሉ በፊት ስለ አካባቢው ሁኔታ ደውሎ ይጠይቅ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም በተለይ በሞቃቶቹ ወራት እየመጣ በዳርቻው ይከመራል፤ ሲበሰብስም ይሸታል። በብዛት የሚመታው ምሥራቁንና ደቡቡን ነው።

ሲጠቃለል፦ ልጆች ይዘው ከሆነ ኔግሪል፣ አንድ ቀን ብቻ ካለዎት ዶክተርስ ኬቭ፣ ተፈጥሮ የሚማርክዎ ከሆነ ፍሬንችማንስ ኮቭ፣ ከሰው ግርግር መራቅ ከፈለጉ ትሬዠር ቢች። ከሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ዊኒፍሬድን እመርጣለሁ፤ ጃማይካዊው ራሱ ልጆቹን ይዞ ያለ ከልካይ የሚዋኝበት ዳርቻ ስለሆነ። እዚያ ከሄዱ ምሳዎን ከመንደሩ ሻጮች ይግዙ፤ ዳርቻውን ክፍት አድርገው ያቆዩት እነሱ ናቸው።