ሰማይም በር አለው

ባለፈው እሑድ ከተማሪዎቼ ጋራ ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ጋራ ወጥተን በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍን። ከተማው ከበታቻችን ተዘርግቶ፥ በስተደቡብ ቦሌ ይታያል። አንድ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከልጆቹ አንዱ፥ «መምህር፥ የዚህ ጅራት አረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ቀይ አይደለም፤ የሰው አገር ነው። ማን ግባ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው የልጅ ይመስላል እንጂ መንግሥታት የመከሩበት ነው። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ ተፈርሞ፥ ኢትዮጵያም በ1939 ዓ.ም. የተቀበለችው ስምምነት፥ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ጌታ ነው ይላል። አይሮፕላንም እንደ ሰው ዜግነት አለው፤ ዜግነቱም የተመዘገበበት አገር ነው፤ በሁለት አገር መመዝገብ አይፈቀድለትም። የኛ አይሮፕላኖች ምልክት «ኢቲ»፥ የሱዳን «ኤስቲ»፥ የእንግሊዝ «ጂ» ነው። ቀለም ግን ሊያሳስት ይችላል፤ አንድ ኩባንያ የተከራየው አይሮፕላን የተከራዩን ቀለም ተቀብቶ የሌላ አገር ፊደል ሊይዝ ይችላልና።

ድንበር የሚሻገር አብራሪ የምዝገባውን ወረቀት፥ አይሮፕላኑ ለበረራ ደኅና መሆኑን የሚመሰክረውን ወረቀት፥ የራሱን የአብራሪነት ፈቃድ፥ የጉዞውን መዝገብና የመንገደኞቹን ስም ዝርዝር መያዝ አለበት። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያን ሰማይ ለማቋረጥም ሆነ በምድሯ ለማረፍ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልገዋል።

ይህ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ በ2009 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ታይቷል። ከቀርጤስ ደሴት ተነሥተው እስከ ኬፕ ታውን ለመድረስ ያሰቡ፥ በጥንታውያን አይሮፕላኖች የሚበሩ የውጭ አገር ሰዎች፥ በኅዳር ወር ከሱዳን ተሻግረው ጋምቤላ ዐረፉ። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ገብታችኋል ብሎ አገዳቸው። አርባ ያህል ሰዎች ሁለት ቀን ያህል ከቆዩ በኋላ ተለቀው ወደ ኬንያ አመሩ። ከነሱም አንድ አረጋዊ እንግሊዛዊ የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ወዳጆቹን አስጨንቆ፥ ኋላ በደኅና ተገኘ።

እንግዲህ ሕጉ ሰውን ለማጉላላት ብቻ የወጣ አይደለም። ማን፥ በየት በኩል፥ መቼ እንደሚመጣ ያልተነገረው አገር፥ የጠፋውን ከየት ይፈልጋል? ሁለቱን አይሮፕላኖች በሰማይ እንዳይጋጩ እንዴት ይለያያል?

ነገሩ አብራሪውን ብቻ አይመለከትም፤ በጽሕፈት ቤት የምንሠራውንም ይመለከታል። ፈቃድ ጠያቂ መልስ ሳያገኝ እንዳይነሣ ግዴታ አለበት፤ ደብዳቤው ከጠረጴዛው የደረሰ ጸሐፊም «ነገ ተመለስ» እያለ ማሳደር የለበትም። አይሮፕላን እንደ ባለጉዳይ በኮሪደር ቆሞ አይጠብቅም፤ ነዳጁ ያልቃል።

ለተማሪዬም፥ «ያ አይሮፕላን ገና ከአገሩ ሳይነሣ፥ እዚህ ስሙን የሚያውቅ ሰው ነበር» ብዬ መለስሁለት። ዐይኑን ወደ ቦሌ መልሶ፥ «እንግዲያው መጀመሪያ የሚበረው ወረቀቱ ነው» አለኝ።